ቴሲሱን ደሴ ላሳርም ለሚል ሰው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ምድር ቤቱ ፎቶ ኮፒና ባይንዲንግ የሚሠራበት አንድ ፎቅ አለ። ደረጃውን ወጥታችሁ ወደ ግራ ስትታጠፉ አንዲት ጠባብ ክፍል ታገኛላችሁ። እዚያ የሚሠሩት ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት ናቸው። ሰው ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ታች ፎቶ ኮፒ ቤት «ቴሲስ የሚያርሙት ቲቸር» ካላችሁ ያሳዩአችኋል።

ሥራቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማረም ነው። ቴሲስ፣ ፕሮፖዛል፣ ለጆርናል የሚላክ አርቲክል፣ ሁሉንም ይሠራሉ። እኔ ግን በሰፊው ልጽፍ የፈለግኩት ስለ አንድ ዓይነት እርማት ብቻ ነው፤ ባለቤትንና ግስን ስለማስማማት፣ ማለትም ባለቤቱ ነጠላ ሲሆን ግሱም ነጠላ፣ ሲበዛ ብዙ ስለማድረግ። የኛን ሀገር የምርምር ጽሑፍ አብዝቶ የሚጎዳው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ቲቸር ደግሞ እሱን እንደሚያስተምሩት አድርጎ የሚያስተምር ሰው ሌላ ቦታ አላየሁም።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የተማርኩት ጨርቃ ጨርቅ ኢንጂነሪንግ ሲሆን፣ የማስተርስ ጥናቴ ከሽንኩርት ልጣጭ የሚወጣ ቀለም የጥጥ ጨርቅ ላይ እንዴት እንደሚይዝ ነበር። ከዲፌንስ በኋላ ጽሑፉን አሳጥሬ ለአንድ ጆርናል ላክሁት። ገምጋሚው ስለ ሙከራው ደህና ነገር ጽፎ፣ መጨረሻ ላይ ቋንቋው መታረም አለበት አለ። የቱ ጋ እንደሆነ አልጠቀሰም። ይህን ኮመንት ያልተቀበለ ተመራማሪ በኛ አካባቢ ያለ አይመስለኝም። ሰው ወራት ለፍቶ የሠራው ነገር በ«ኢዝ» እና በ«አር» ምክንያት በጥርጣሬ ሲታይ ያበሳጫል።

መጀመሪያ ጽሑፉን የሰጠሁት ለሌላ ቤት ነው። በማግስቱ በፍላሽ መለሱልኝ። ምኑ እንደተቀየረ የሚያሳይ ምልክት አልነበረውም። ቋንቋው ለስልሷል፤ ነገሩ ግን ተበላሽቷል። በጨርቅ ሥራ «ዋርፕ» ማለት ድሩ ነው። እነሱ የፊደል ስህተት መስሏቸው በሙሉ «ራፕ» አድርገውታል፤ መጠቅለል ማለት ነው። ሌላም ከዚህ የባሰ ነገር ነበር፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ቲቸር መጀመሪያ ላይ ፍላሽ አይቀበሉም። ጽሑፉን ፕሪንት አድርጋችሁ፣ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ትታችሁ ትመጣላችሁ። አጠገባቸው ያስቀምጧችኋል። አንድ ገጽ ይወስዱና ግሶቹን ብቻ በእርሳስ ያከብባሉ። ሌላ ምንም አይነኩም። ከዚያ እርሳሱን ለናንተ ይሰጡና «የዚህ ግስ ባለቤት ማን ነው?» ይላሉ። እናንተ ባለቤቱን ፈልጋችሁ ከሥሩ ታሰምራላችሁ። ሁለቱ ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም? ካልተስማሙ የቱ ነው መለወጥ ያለበት? ዘዴያቸው ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው ገጽ ግን ላብ ያስወጣል።

ምሳሌ ልስጥ። «ዘ ስትሬንግዝ ኦፍ ዘ ዳይድ ሳምፕልስ ዌር» የሚል ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ቀለም የተነከሩት ናሙናዎች ጥንካሬ ለማለት ነው። ግሱ አጠገብ ያለው ስም «ሳምፕልስ» ነው፤ ብዙ ነው። ዓይን እሱን ያይና እጅ «ዌር» ብሎ ይጽፋል። ባለቤቱ ግን ወደ ኋላ ራቅ ብሎ የተቀመጠው «ስትሬንግዝ» ነው፤ እሱ ደግሞ ነጠላ ነው። ስለዚህ «ዋዝ» መሆን አለበት። ከ«ኦፍ» በኋላ የሚመጣ ስም ግሱን አያዝም ይላሉ ቲቸር። አብዛኛውን ጊዜ ማለታቸው ነው።

«ቱጌዘር ዊዝ» እና «አዝ ዌል አዝ»ም እንደዚሁ ናቸው። ናሙናው ከነማነጻጸሪያው ታጠበ ስትሉ፣ «ከነ» ብላችሁ የጨመራችሁት ነገር ባለቤቱን አያበዛውም። በ«ኤንድ» ካያያዛችሁት ግን ይበዛል።

በጣም የወደድኩላቸው፣ ስህተቱን እንደ አላዋቂነት አለመቁጠራቸው ነው። «አብሽር ልጄ፣ ይሄ ከአማርኛህ ነው የመጣው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በአማርኛ «አምስት ናሙና ተወሰደ» ብንል ነውር የለውም። ብዛቱን ቁጥሩ ስለተናገረ ስሙ ነጠላ ሆኖ ይቀራል፤ ግሱም ይከተለዋል። «ብዙ ሰው መጣ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩ እያለም ስሙ እንዲበዛ ይፈልጋል፤ ግሱም አብሮ እንዲበዛ። በራሱ ቋንቋ በትክክል የሚያስብ ሰው ነው እንግሊዝኛው ላይ የሚሳሳተው።

ከዚያ የሚጨምሩት ነገር ይበልጥ ልቤን ነካው። ማስማማት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም እኛ ነን አብዝተን የምናስማማው። «መጣች» ስንል ሴት መሆኗንም፣ አንድ መሆኗንም ግሱ ብቻውን ይናገራል። እንግሊዝኛ በአላፊ ጊዜ ከ«ዋዝ» እና «ዌር» ሌላ ግሱን ለማንም አይለውጥም። እሷም መጣች፣ እነሱም መጡ፣ ግሱ ያው ነው። «በየግሱ ስታስማማ ያደግህ ልጅ ይሄ እንዴት ይከብድሃል?» ሲሉኝ፣ ከዚያ በፊት ማንም እንግሊዝኛን በዚህ በኩል እንዳላሳየኝ ገባኝ።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ቴሲሱ ውስጥ አደጋው በየምዕራፉ ይለያያል። የአሠራር ምዕራፉ በአላፊ ጊዜ ነው የሚጻፈው፤ እዚያ የሚፈተሸው «ዋዝ» እና «ዌር» ብቻ ነው። የቀደሙ ጥናቶችን የምትጠቅሱበት ምዕራፍ «ሃዝ» እና «ሃቭ» ይበዛበታል። መግቢያውና ውይይቱ በአሁን ጊዜ ስለሆኑ «ኤስ» የምትባለዋን ፊደል ማደን አለባችሁ። ቲቸር እንደዚህ ከፋፍለው ሲያስነብቡ ሥራው ይቀላል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልጉት።

ኤስን በተመለከተ አንዲት መፈተሻ አለቻቸው። ስም ላይ ስትገባ ታበዛለች፤ ግስ ላይ ስትገባ ግን ነጠላነትን ታሳያለች። ስለዚህ በተለመደ ዓረፍተ ነገር ወይ ባለቤቱ ላይ ወይ ግሱ ላይ ነው የምትገኘው። «ቴብል 3 ሾውስ» ወይም «ሪዘልትስ ሾው»። ሁለቱም ላይ ካለች፣ ወይም ሁለቱም ላይ ከጠፋች፣ ቆም ብላችሁ እዩ። ሁልጊዜ አትሠራም። «ክራይቴሪያ» ኤስ ሳይኖረው ብዙ ነው፤ ነጠላው «ክራይቴሪየን» ነው። «አናሊሲስ» ደግሞ በኤስ ያልቃል፣ ግን ነጠላ ነው። ያም ሆኖ አብዛኛውን ስህተት ታወጣለች።

«ዋን ኦፍ ዘ ሪዝን» የሚለውን በየቴሲሱ ታገኙታላችሁ። ከምክንያቶቹ አንዱ ለማለት ነው። ከብዙ ውስጥ አንዱን ስለምንመርጥ «ሪዝንስ» መሆን አለበት፤ ግሱ ግን «ዋን»ን ተከትሎ «ኢዝ» ይሆናል። «ኢች ኦፍ ዘ ሳምፕልስ»ም ላይ ግሱ የሚከተለው «ኢች»ን ስለሆነ ነጠላ ነው። «ሪሰርች»፣ «ኢኩፕመንት»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ኤቪደንስ» ላይ በምርምር ጽሑፍ ኤስ አይጨመርም። እኛ «ሪሰርችስ» የምንለው ጥናቶች ስለምንል ነው። ብዛት ካስፈለገ «ስተዲስ» በሉ።

የውጤት ምዕራፉ የተለየ ነው። እዚያ የ«ኦፍ» ሕግ የማይሠራበት ቦታ ይመጣል፤ ቲቸርም ጊዜያቸውን የሚያፈሱት እዚህ ላይ ነው። «ፐርሰንት» ሲኖር ግሱ የሚያየው ከ«ኦፍ» በኋላ ያለውን ስም ነው። ከመላሾቹ 60 በመቶ ካላችሁ «ዌር» ነው፤ ሰዎች ይቆጠራሉ። ከውሃው 60 በመቶ ካላችሁ «ዋዝ» ነው፤ ውሃ አይቆጠርም። «ኤ ነምበር ኦፍ ስተዲስ» ማለት በርከት ያሉ ጥናቶች ስለሆነ «ሃቭ» ይከተለዋል። «ዘ ነምበር ኦፍ ስተዲስ» ግን ቁጥሩ ራሱ ነው የሚወራለት፤ «ሃዝ» ይከተለዋል። የአንዲት ትንሽ ቃል ልዩነት ነው። 20 ግራም ጨው ጨመርኩ ስትሉ ደግሞ ሃያ ነገር አልጨመራችሁም። በሚዛን ለክታችሁ አንድ መጠን ነው የጨመራችሁት። ስለዚህ «ዋዝ»።

አሁን ወደዚያ የባሰ ወዳልኩት ነገር ልመለስ። «ዘ ሳምፕል ዌር ቴስትድ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። አይስማማም። የመጀመሪያው ቤት «ዘ ሳምፕል ዋዝ ቴስትድ» አድርጎ መለሰው። ሰዋስው አዋቂ ቢያየው እንከን አያወጣለትም። ቲቸር ግን «ሳምፕል» እና «ዋዝ» ላይ እርሳሳቸውን አሳርፈው «ስንት ነበሩ?» አሉኝ። የጨርቅን ጥንካሬ በመሳብ የሚለካው አይኤስኦ 13934-1 የተባለው መስፈርት በድሩ አቅጣጫ ቢያንስ አምስት፣ በማጉም አቅጣጫ ቢያንስ አምስት ቁራጭ እንዲፈተን ያዛል። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግኩት። «ታዲያ ይሄ አንድ ጨርቅ ብቻ እንደፈተንክ ነው የሚናገረው» አሉኝ።

ይህ ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ያልተስማማ ዓረፍተ ነገር በሁለት በኩል ሊስተካከል ይችላል። ግሱን ነጠላ ማድረግ ይቻላል፤ ባለቤቱን ማብዛትም ይቻላል። ሁለቱም ትክክለኛ እንግሊዝኛ ናቸው። እውነቱ ግን አንዱ ብቻ ነው። የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ላብራቶሪ ውስጥ የቆመው ሰው ነው። ሳይጠይቅ የሚያርም ሰው ምርምሩን ሊያዋሽ ይችላል። አንባቢው ደግሞ ሙከራው በአንድ ቁራጭ ላይ ብቻ እንደተሠራ ቢረዳ አይፈረድበትም፤ የተጻፈለት እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ቲቸር ባለቤቱን በናንተ እጅ ማስመራቸው ለማስተማር ብቻ አይደለም። መልሱ እናንተ ጋ ስላለ ነው።

ኮምፒውተር ይሄን አያርምም ወይ የሚል ይኖራል። ያርማል። የማይክሮሶፍት ወርድ ሰማያዊ መስመር አጫጭሩን ዓረፍተ ነገር ጥሩ አድርጎ ያሳያል። «ዚስ ሪዘልትስ» ብላችሁ ብትጽፉ ወዲያው ያሰምርበታል። በነገራችን ላይ ይህ ስህተት የሚበዛብን አጭሩንና ረጅሙን «ኢ» ጆሯችን ስለማይለያቸው ነው፤ «ዚስ» ሲባልም «ዚዝ» ሲባልም አንድ ይመስሉናል። አሁን የመጡት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያዎች ደግሞ ረጅሙንም ዓረፍተ ነገር ያስማሙታል። ጥቅማቸውን አልክድም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ስንት ቁራጭ እንደፈተናችሁ መሣሪያው አያውቅም። ሳይጠይቃችሁ ራሱ ካስተካከለው አንዱን መርጦ ነው የሚያልፈው። ዲፌንስ ላይ «ስንት ናሙና ነው?» ሲባል የምትመልሱት እናንተ ናችሁ።

ቲቸር ጋ ያልተስማማሁበት ነገርም አለ። «ዳታ» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው «ዳተም» ነው። ስለዚህ «ዳታ ዌር» ይላሉ። በሳይንስ ጽሑፍ ይህ አጻጻፍ ዛሬም የተከበረ ነው። በሌላ በኩል «ዳታ ዋዝ» የሚለውም በእንግሊዝኛ ተቀባይነት ካገኘ ቆይቷል። እኔ ነጠላውን ነው የምመርጠው፤ ለጆሮዬም ይቀርበኛል። እሳቸው አይሰሙም። የምትልኩበት ጆርናል ነጠላውን የሚያወጣ ከሆነ ብቻ፣ የታተመ አርቲክል አምጥታችሁ ካሳያችኋቸው ይለቃሉ። አንድ ነገር ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። በአንድ ቴሲስ ውስጥ ገጽ 12 ላይ «ዋዝ»፣ ገጽ 30 ላይ «ዌር» ከሆነ ሁለቱንም የሚደግፍ ሰው አይገኝም።

ስለ «ዜይ» ደግሞ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። ጾታው ያልታወቀን አንድ ሰው «ዜይ» (እነሱ) ማለትን የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር (ኤፒኤ) የአጻጻፍ መመሪያ በ2019 በወጣው 7ኛ እትሙ ተቀብሎታል። አንድ ሰው ሆኖ ግሱ ግን «አር» ነው። ይህ ለብዙ ተማሪ ግራ ነው። ቲቸር «እኔን ምን ብለህ ነው የምትጠራኝ?» አሉኝ። «እርስዎ» አልኩ። «ለሰውስ ስታወራ?» «ቲቸር መጡ።» «ስንት ነኝ ታዲያ?» አለቀ። አንድ ሰው ሆኖ የብዙ ግስ መውሰድን ከልጅነታችን ጀምሮ ለአክብሮት እንጠቀምበታለን። እንግሊዝኛም «ዩ» ላይ ያደርገዋል፤ አንድም ብንሆን ብዙም ብንሆን «ዩ አር» ነው።

ሌሎች ሰዎችን ስትጠቅሱ «ኤት አል» ካለ ግሱ ብዙ ይሆናል። «እና ሌሎች» ማለት ስለሆነ። ይህን የማያውቅ ቴሲስ ብዙ አይቻለሁ፤ የቀደሙ ጥናቶች ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ «ኤት አል ሃዝ» እያለ ይሄዳል።

የጊዜ መስማማትንም ያያሉ። ፕሮፖዛል ላይ «ይሰበሰባል» ያላችሁት ቴሲስ ላይ «ተሰበሰበ» መሆን አለበት። ከፕሮፖዛሉ ኮፒ ስለሚደረግ «ዊል ቢ» ተረስቶ ይቀራል። ሥራው ተሠርቶ አልቆ ገና ወደፊት ሊሠራ ነው ብሎ የሚናገር ቴሲስ ፈታኞችን ያስቆጣል። ቲቸር ይህን በኮምፒውተር እንድትፈልጉት ነው የሚያደርጉት፤ «ዊል» ብላችሁ ጽፋችሁ አንድ በአንድ ማደን ነው።

ጉድለቶቻቸውን ልናገር። ቀርፋፋ ናቸው። በአንድ ቁጭታ ጥቂት ገጽ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ዲፌንሱ ሦስት ቀን የቀረው ሰው እዚህ ባይመጣ ይሻለዋል። በተለይ ሰኔ ሲደርስ ደረጃው ላይ ተሰልፎ መጠበቅ አለ። ዋቢ ጽሑፎችን አያስተካክሉም፣ ስታቲስቲክስ አይሠሩም፣ የገጽ ቅርጽም አያስይዙም። ሠንጠረዥ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ማየት አይወዱም፤ ይህ ትክክል አይመስለኝም፤ የሠንጠረዥ መግለጫዎች ላይም ስህተት አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ በመስኮቱ ብርሃን ይሠራሉ፤ ቀኑ ከጨለመ ግን ለሌላ ቀን ይቀጥሯችኋል። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ይህ ከባድ ነው።

ጻፉልኝ ብትሏቸው አይጽፉም። አንድ ልጅ እኔ እያለሁ መጥቶ ምዕራፍ አምስትን ሙሉውን እንዲሠሩለት ጠየቃቸው። ሳይቆጡ ወንበር አሳዩትና «ቁጭ በል፣ ምን አገኘህ? ንገረኝ» አሉት። በአማርኛ ነገራቸው። «እሱን ጻፈውና ነገ አምጣው» አሉት። ገንዘቡን እምቢ ብለው ሸኙት። በአካባቢው ቴሲስ ሙሉውን ጽፈው የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የቲቸር ሥራ ምን ያህል የተከበረ እንደሆነ ለኔ ግልጽ ነው።

ዋጋው እኔ በሄድኩበት ጊዜ በገጽ 40 ብር ነበር። እርማት ከሚሠሩት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይወደዳል። የተስተካከለውን ገጽ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዩ ግን አያስከፍሉም። በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ሙሉውን ማሳረም የለበትም። ከየምዕራፉ ሁለት ሁለት ገጽ አሠርታችሁ፣ ዘዴውን ይዛችሁ፣ ቀሪውን ቤት ውስጥ ራሳችሁ ብትሠሩት ይቻላል። ይህን የሚመክሩት ራሳቸው ናቸው። እኔም ቀሪውን እንደዚያ ነው የጨረስኩት። ግሱን አከብባለሁ፣ ባለቤቱን እፈልጋለሁ፣ ስንት እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ።

የቅድመ ምረቃ ተማሪ ከሆናችሁ በቡድን ሂዱ። የአንዳችሁን ገጽ ይዘው ለሁላችሁም ያስረዳሉ፤ ክፍያው የአንድ ሰው ነው። ወንበር ስለማይበቃ ሁለታችሁ ትቆማላችሁ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ደግሞ ጠዋት የሐረጎን ዳገት ቀድማችሁ ውጡ፤ ከምሳ በኋላ ሰው ይበዛባቸዋል። ጃኬት ያዙ፣ ክፍሏ ፀሐይ አታገኝም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራሉ፣ እሑድ ዝግ ነው።